ዳገቱ ላይ ይወረዳል

ደምበጫ ላይ ጋሪ መንዳት የጀመርኩት ባጃጅ ከተማው ከመግባቱ በፊት ነው። የመጀመሪያው ቀን ተራ አስከባሪያችን ጋሼ ይርጋ ጋሪዬን ዞረው አዩ፤ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ፤ የልጓሙን ጠፍር ትንሽ ላላ አደረጉት። «ፈረሱ ደህና ነው፤ አንተ ግን ትቸኩላለህ» አሉኝ። ገና አፌን ሳልከፍት በምን እንዳወቁብኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

መስመራችን ከመናኸሪያ ተነስቶ፣ በገበያው አልፎ፣ ዳገቱን ወጥቶ ላይኛው ሰፈር ያበቃል። ከዳገቱ ሥር ሲደረስ ሰው ይወርዳል። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡርና በሽተኛ ብቻ ይቀመጣል። ባለጋሪውም ወርዶ ፈረሱን በልጓም ይመራል። ማንም አይከራከርም፤ ሁሉም እያወራ ይወጣና አናቱ ላይ ተመልሶ ይሳፈራል።

እኔ ብቻ አልወርድም ነበር። ተራ መጠበቅ፣ ቀስ ብሎ መሄድ ያንገበግበኛል።

«አንተ እግር የለህም?» አሉኝ ጋሼ ይርጋ።

«እኔ ምን እከብዳለሁ ጋሼ!»

ባጃጅ ሲገባማ ባሰብኝ። ከባጃጅ ላይ ማን ይወርዳል? ደንበኛ ሲሸሽ ዓይኔ እያየ መቀመጥ አልቻልኩም። አንድ የገበያ ቀን መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ «በእኔ ጋሪ ዳገት ላይ መውረድ የለም!» ብዬ ጮህኩ። ጋሪዬ ወዲያው ሞላ። ባለጋሪዎቹ አኮረፉኝ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ።

ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ደንበኛ ነበሩኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቢቀመጡ ማንም አይናገራቸውም። እሳቸው ግን ዳገቱ ሥር መውረዳቸውን አልተዉም።

«ይቀመጡ እንጂ ሐጂ፤ ዳማ ይችላል» አልኳቸው። ዳማ ፈረሴ ነው።

«ጠይቀኸው ነው?»

«ፈረስ ይጠየቃል እንዴ?»

«ታዲያ ይችላል ያለህ ማነው?» አሉና ከዘራቸውን ይዘው መውጣት ጀመሩ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መንገዱ ጭቃ ነበር። አራት ሰውና አንድ ኩንታል በቆሎ ጭኛለሁ፤ ሐጂ እንደልማዳቸው ወርደው ከኋላ ይከተላሉ። አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈኝ። ደሜ ፈላ፤ አለንጋዬን አነሳሁ። ዳማ ዳገቱ መሃል ላይ በፊት ጉልበቶቹ ወደቀ። ተሳፋሪው ሁሉ ዘሎ ወረደ። ሐጂ ደርሰው ልጓሙን ያዙና ቀና ብለው አዩኝ።

«አሁንም አልወረድክም?»

እውነታቸውን ነው፤ ወንበሬ ላይ ነበርኩ።

ዳማን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ ጉልበቱን ዳስሶ «ይድናል፤ ጋሪ ግን ከእንግዲህ አይስብም» አለኝ።

«ለስንት ሳምንት?»

«አልሰማኸኝም። አይስብም።»

እዚያው ግቢ ውስጥ አለቀስኩ። ሰው እያየኝ መሆኑም ግድ አልሰጠኝም።

ክሊኒኩ ታች ነው፤ ቤቴ ላይኛው ሰፈር። ዳማን በገመድ ይዤ፣ እሱ እያነከሰ፣ ዳገቱን ጀመርነው። ጋሪ መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ ያን ዳገት በእግሬ ስወጣው የመጀመሪያዬ ነበር። ሦስት ጊዜ ቆምን። የቆመው እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ጋሪም ሰውም በቆሎም አልጎተትኩም፤ ላብ ግን አጠመቀኝ።

አሁን ባጃጅ እነዳለሁ፤ ችኩልነቴም ጨርሶ አልለቀቀኝም። ጋሪ ለመጀመር የምታስቡ ግን ፈረሱን ከመጥመዳችሁ በፊት መስመሩን በእግራችሁ ሂዱበት።