የምትኩ የስለት ጥላ

ባለፈው ዓመት የእናቴን የሙት ዓመት ተዝካር ለማውጣት ከመካነ ሰላም ወደ ትውልድ አጥቢያዋ ሚኒባስ ተኮናትረን ስንጓዝ፣ ትንሹ ልጄ የያዘውን የላስቲክ ውኃ እንዳለ በሾፌሩ ቀይ ከፋይ የወንበር ልብስ ላይ ደፋው። ሾፌሩ በመስተዋቱ አይቶ «ያ አሏህ! ትናንት እኮ ነው ያስለበስኩት!» አለ። እኔ በነጠላዬ ጫፍ ስጠርግ፣ ትልቋ ልጄ ወንድሟን ስትቆጣ፣ ትንሹም ማንም ሳይነካው እንደተገረፈ ሁሉ ሲያለቅስ፣ ከራሰው ከፋይ አንድ ሽታ ተነሣ፤ አቧራና የጨርቅ ቀለም ከእርጥብ በግ ጋር የተቀቀሉ የሚመስል ሽታ። ከዚያ በፊት በሕይወቴ ያሸተትኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አፍንጫ ግን የሚረሳው ነገር የለም። ልጆቼ እየተነታረኩ፣ እኔ እጄን ወንበሩ ላይ እንዳሳረፍኩ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ወደ አጥቢያዋ የሚወስደውን ያንኑ ሜዳ በእግሬ እሻገር ጀመር።

ነገሩ የሚጀምረው ከወንድሜ ከምትኩ ነው። ስሙ እንደሚናገረው የተተካው ከእሱ በፊት በአራስነታቸው በሞቱት ሁለት ወንድሞቼ ቦታ ነው። እሱም በስድስት ወሩ ክፉ ሳል ይዞት እንደነሱ ሊሄድ ሲል፣ እናቴ ወደ ትውልድ አጥቢያዋ ፊቷን አዙራ «ማርያም፣ ይህንን ብቻ ተይልኝ፣ ጥላ አስገባልሻለሁ» ብላ ተሳለች። ምትኩ ዳነ። ዳነ ብቻ ሳይሆን እንቁላል ኪሱ ውስጥ ከትቶ የሚቀመጥ፣ የአባቴን ጫማ ጉድጓድ የሚጨምር፣ ቤት የሚያፈርስ ልጅ ወጣው። ስለቱ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት ዘገየ፤ በዘገየ ቁጥርም እናቴ ልጁ በውሰት የተሰጣት እየመሰላት መጣ። ምትኩ በተኛበት ሁሉ ጎንበስ ብላ የእጇን ጀርባ ወደ አፍንጫው ታስጠጋለች፤ ትንፋሹ ሲነካት ነው ቀና የምትለው። እኔ ይህን እናቶች ሁሉ የሚያደርጉት ነገር ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ አክስቴ ጥላውን ከደሴ ገዝታ ላከች። ቀይ ከፋይ ነው፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ አለው ተባልን እንጂ እኛ አላየነውም፤ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ላስቲክ ተደርቦበት፣ ቁም ሳጥኑ ጥግ ቆመ። ስለት ደጀ ሰላም ደርሶ ካህን እጅ ሳይገባ አይገለጥም፤ ይህ የእናቴ ሕግ ነበር። ምትኩ ምን እንደሆነ በጠየቃት ቁጥር «አንተን ያተረፈህ ነው» ትለዋለች። እሱም ያን ረጅም ጥቅልል እንደ ትልቅ ዘመድ ይቆጥረው ጀመር፤ ሲገባና ሲወጣ እጅ እየነሣ ሰላም ሲለው አባቴ ሳቁን መያዝ ያቅተው ነበር።

ለመንገድ የተነሣነው በሰኔ ማርያም ዋዜማ ነው። ሰኔ እንዴት ያለ ወር እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ አባቴ ግን የወረዳው እርሻ ቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ ሥራው በየማለዳው በግቢው የተተከለችውን የዝናብ መለኪያ እያየ መመዝገብ ስለሆነ፣ ዝናብን የሚያየው እንደ በታች ሠራተኛው ነው። «ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጠብ አትልም» አለ። እናቴ አንድ ተጨማሪ ጋቢ ጓዙ ላይ ጫነች።

አውቶቡሱ ላይ ረዳቱ ጥላውን ጣራ ላይ ከበጎቹ ጋር ልሰረው ቢል እናቴ «እንግዲያው እኔንም አብረህ እሰረኝ» አለችው። ስለዚህ ጥላው የመስኮት ወንበር አገኘ፤ እኔና ምትኩ በአባቴ ጉልበት ላይ፣ የአራት ወሯ ብርቄ በእናታችን እቅፍ ሆነን ሄድን። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ምትኩ የአባቴ ሱሪ ላይ አስመለሰ፤ ሁለተኛው ላይ እኔ ተከተልኩት፤ አባቴ ለሁለታችን ሎሚ ሲያሸትት ቆይቶ ሦስተኛው ላይ ለራሱም አስፈለገው። ከመኪናው ስንወርድ ንጹሕ የነበረው ጥላው ብቻ ነው።

መኪናው የሚያደርሰው እስከ መገንጠያው ድረስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሜዳ ለመሻገር አባቴ አያ ሰይድ ከሚባሉ ሰው በቅሎ ተከራየ፤ እሳቸውም አብረውን መጡ። ጓዙና ምትኩ በበቅሎዋ ላይ፣ እናቴ ብርቄን አዝላ፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ፣ አባቴ ደግሞ ጥላውን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አጋድሞ ጉዞ ጀመርን። ሜዳው አንድ ዛፍ የለውም። ግራና ቀኙ ሊታጨድ ጥቂት ቀን የቀረው የበልግ ገብስ ነው፤ ከገብሱ ማዶ ጎጆዎች ይታያሉ፤ ከጎጆዎቹ ማዶ ምድሪቱ በድንገት ታልቅና ወደ ገደል ትወርዳለች፣ ከታች ያለው ሸለቆም ማለቂያ የለውም። የከተማ ልጅ ነበርኩና ያን ያህል ሰማይ ባንድ ጊዜ አይቼ አላውቅም። አፌን ከፍቼ ስሄድ ሁለቴ ወደቅሁ።

ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ከሸለቆው በኩል አንድ ነጭ ግድግዳ ቆሞ ሲመጣ አየን። አያ ሰይድ በቅሎዋን አቁመው «ጌታዬ፣ ይኼ ዝናብ አይደለም፣ በረዶ ነው» አሉ። አባቴ ሰዓቱን አየ።

መጀመሪያ የወረደው የሽምብራ ፍሬ ያህል ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው ግን ሲያርፍ ምድሩን የሚያጎደጉድ ነው። እናቴ ብርቄን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ሥር አስገብታ መሬት ላይ ተደፋችባት። አባቴ ጥላውን አስቀምጦ ኮቱን አውልቆ በእኔና በእሷ ላይ ጣለው፤ እሱ ራሱን በእጁ ይዞ ቆመ። በረዶው በኮቱ ላይ ጀርባችንን ይቀጠቅጠናል፣ ከእናቴ ክንድ ሥር ያመለጠው የብርቄን እግር ያገኘዋል፣ እሷም ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ትጮኻለች። ጥላው አጠገባችን ተጋድሞ ነበር። አንድም ሰው አልነካውም። እኔ ያኔ ረስተውት መስሎኝ ነበር፤ እናት ከሆንኩ በኋላ ግን እናቴ ከእሱ ሌላ ያሰበችው ነገር እንዳልነበረ ገባኝ። ብትገልጠው የምትኩን ሕይወት የተቀበለችበትን ቃል ማፍረስ ነው፤ ባትገልጠው የምታጣው ብርቄን ነው። በሁለት ልጆቿ መካከል ተደፍታ ነበር።

ምትኩ ከበቅሎዋ መቼ እንደወረደ ያየ የለም። ያየነው ላስቲኩን በጥርሱ ሲቀድ ነው። ነጠላውን በረገደው፣ ዘንጉን ሽቅብ ይዞ እስከ ግማሽ ገፋ፣ የቀረውን ነፋሱ ጨረሰለት፤ ያ ስንት ወር ቁም ሳጥን ጥግ የቆመ ጥቅልል በነጩ በረዶ መካከል ቀይ ሆኖ፣ ወርቁ እየተርገበገበ፣ ከምትኩ በሦስት እጥፍ በልጦ ተገለጠ። ነፋሱ ልጁንም ይዞት ሊሄድ ሲል አያ ሰይድ ደርሰው ዘንጉን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ኧረ ስለቴን! ኧረ ልጄን በላሁት!» ብላ ጮኸች እናቴ።

ምትኩ አልደነገጠም። «እኔን ያተረፈኝ እሱ አይደል? ብርቄንም ያትርፋት!» አላት።

አያ ሰይድ «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ፤ አሏህ ልብ ያያል» እያሉ ጥላውን በላያችን አዘነበሉት፣ አባቴም ገባ፣ ተቃቅፈን ተቀመጥን። በረዶው ከፋዩን እንደ ከበሮ ይመታዋል፤ ውስጡ ግን ሞቃት ነበር፤ ፊታችን ሁሉ ቀልቷል፤ ያ ሽታ አፍንጫችንን ሞልቶታል። ብርቄ ዝም አለች፤ ዘርፉን እያየች ዝም አለች። እኔ ደግሞ በዚያች ቅጽበት የፈራሁት ነገር አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህም እንደዚያ ያለ ቤት ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

በረዶው ቀለል ሲል ሕፃኗን እንዳይበርዳት ጉዞ ቀጠልን፤ አንዴ ተገልጧልና ማንም እጠፈው አላለም። አያ ሰይድ ጥላውን ከፍ አድርገው ይዘው፣ እኛ ሥሩ ተጨናንቀን፣ በቅሎዋ ከኋላ። ጥቂት እንደሄድን ከግራ በኩል ከሩቅ እልልታ ተሰማ። ቀጥሎ ከቀኝ። ከጎጆዎቹ ሰዎች ወጥተው በረዶው ላይ እየሮጡ መጡና መቶ እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ድንገት ቆሙ፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱ፣ ሴቶቹ ተንበረከኩ፣ ሁሉም ግንባራቸውን መሬት ላይ አደረጉ። በሬዎቹን ከበረዶው የሚያሸሽ አንድ ገበሬ ቆሞ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ያ ረቢ» ሲል ሰማሁት። መጀመሪያ የገባው አባቴ ነው። ገብሱ በበረዶ ሊያልቅ ነው ብለው ሲጨነቁ ቀይ ጥላ ሜዳውን ሲሻገር ያዩት ሰዎች፣ ታቦት ለምህላ የወጣ መስሏቸዋል።

አባቴ ከጥላው ሥር ብቅ ብሎ «ኧረ እኛ ነን! ታቦት አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ነፋሱ ድምፁን ወደ ገደሉ ወሰደው፤ ሰዎቹ ግን ካህኑ ማሳረጊያ ያደረሱ መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት። አያ ሰይድ በጣም ተጨነቁ። «ጌታዬ፣ ዘንጉን እርስዎ ይያዙት፤ ወላሂ የእኔ እጅ ለዚህ አልተፈጠረም» ቢሉም፣ የአባቴ ጣቶች በበረዶ ተቀጥቅጠው አብጠዋልና መያዝ አልቻለም። እንዲሁ ሄድን። ከፋዩ ቀለሙን ለቅቆ በጆሮአችንና በአንገታችን ይወርዳል፣ የረገጥነው ጭቃ እየቀላ ይቀራል፣ ከኋላችን ሕዝቡ በአክብሮት ርቀት ላይ ሆኖ ይከተላል። ደግሞ በረዶው ቆመ። ፀሐይ ወጣች። ከዚያ በኋላማ ማን ማንን ያሳምናል።

ደጀ ሰላም ስንደርስ የደብሩ አለቃ፣ እናቴን ያጠመቁ ሽማግሌ፣ በእልልታው ደንግጠው ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ወጡ፤ ታቦቷ መንበሯ ላይ እያለች ታቦት መጣ ሲባል ምን ይበሉ! ጥላው ዝቅ ሲል የታየው አንድ እስላም ባለበቅሎ፣ ኮቱን ያወለቀ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አንዲት ሕፃን ያቀፈች እናት፣ እንደ በርበሬ የቀሉ ሁለት ልጆች ነው። ሕዝቡ እልልታውን አቋረጠ። እናቴ እግራቸው ላይ ወድቃ «አባቴ፣ ስለቴን አረከስኩት፤ ልጄን ትወስደው ይሆን?» አለቻቸው።

አለቃ ምትኩን አዩት። «ማነው የገለጠው?»

«እኔ። ብርቄን እየመታት ነበራ» አላቸው።

ሽማግሌው እናቴን በክንዷ አንሥተው «ልጄ፣ የከበረ እንግዳ ሲመጣ መንገድ ድረስ ወጥቶ መቀበል የአገራችን ወግ አይደል? እመቤታችንም ስለትሽን መንገድ ወጥታ ተቀብላዋለች» አሏት። ከኋላ አንድ ሰውዬ በቅሬታ «ታዲያ አባታችን፣ እኛ ለማን ነው የሰገድነው?» አለ። አለቃ ዞር ሳይሉ «ለሰገዳችሁለት» አሉት። አያ ሰይድ ጥላውን በሁለት እጃቸው አቅርበው «አማናዎን ይረከቡኝ» ሲሏቸው መጀመሪያ አለቃ ራሳቸው ሳቁ፣ ከዚያ ግቢው ሁሉ ሳቀ፤ እናቴም እያለቀሰች ሳቀች። የትኛው ቤት ነው የሚያሞቀን በሚል የሰገዱት ሰዎች ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ በተኛው ምትኩ ላይ ጎንበስ ስትል አላየኋትም። ስለ መንገዱም እንድንቀልድ አልፈቀደችልንም፤ «በሰው ስግደት አይሳቅም» ትል ነበር።

ሚኒባሱ አሁን ደጀ ሰላሙ ድረስ ይገባል። ሜዳውን በሩብ ሰዓት ጨረስነው፤ ልጆቼ ስልካቸውን እያዩ ስለነበር ሸለቆውን አላዩትም፣ እኔም ከፋዩን ስጠርግ አልፎኛል። አባቴ ከእናቴ ቀድሞ አርፏል፤ አያ ሰይድም የሉም፤ ለእስላም እንግዶች የሚታረደውን ሙክት እየጎተቱ የመጡት ልጆቻቸው ናቸው። ምትኩ ጢሙ ሸብቷል። ድንኳኑ ውስጥ ከሜዳው ማዶ የመጡ አንዲት ባልቴት ልጆቼን ሰብስበው ታሪክ ሲነግሯቸው ሰማሁ፤ ተከትለውን ደጀ ሰላም ከደረሱት ሳይሆን እዚያው ተንበርክከው ከቀሩት ነበሩ። ታቦቷ በበረዶ ውስጥ እንደወጣች፣ ገብሳቸውን እንዳተረፈች፣ ያለፈችበትን ቀይ ጭቃ ዘግነው ከብቶቻቸውን እንደቀቡ ይተርካሉ። ልጆቼ ስልካቸውን ረስተው አፋቸውን ከፍተዋል። እኔ እናቴን ባጣሁበት ዓመት ያጣሁት እሷን ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ፤ እኔ ራሴ አሁን ያንን ቀይ ጥላ ከሩቅ ባይ፣ ከመስገዴ በፊት ሥሩ ማን እንዳለ ለማየት ነበር የምሮጠው።

ምትኩ ከባልቴቷ አጠገብ በርከክ አለ። ይስቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቀም።

«እናቴ፣ ከጥላው ሥር ማን እንደነበረ አይተዋል?» አላቸው።

«ማን ቀና ብሎ ያያል ልጄ?» አሉት፤ «ግንባራችን መሬት ላይ እኮ ነበር።»