ውሃ ይዘን ወደ ሐይቅ

ላንጋኖ ለመሄድ ዕቃ ስንጭን አማቴ ውሃ የሞላ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ብቅ አሉ። ኮልፌ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ እሳቸው ያለ ጀሪካን ለቅሶ እንኳ አይደርሱም።

“እማማ፣ የምንሄደው እኮ ሐይቅ ነው። ውሃው ቀድሞን ደርሷል!”

“አንተ ቀልድ። ሲጠማህ እናያለን።”

እኔ በበኩሌ አየር ጤና ካለ ጎሚስታ የጭነት መኪና ከመነዳሪ፣ ያንን የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ገዝቼ፣ አስነፍቼ፣ መኪናው ጣሪያ ላይ በገመድ ጠፍሬዋለሁ። ትልቅነቱ ግማሽ ቤቴል ሰፈርን ያንሳፍፋል።

ሐይቁ ዳር አሸዋው ላይ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። ጀልባ የሚያከራየውም ምሳ ሄዷል። የሰባት ዓመት ልጄን ከመነዳሪው ላይ አስቀመጥኳት። ለፋሲካ በግ የጎተትኩበትን ገመድ አሰርኩበትና ሌላውን ጫፍ ራሴ ያዝኩ። የማውቀው ቋጠሮ አንድ ነው፤ በግ የሚታሰርበት፣ ጫፉን ሳብ ሲያደርጉት ውልቅ የሚለው።

“ይሄ ነገር ይይዛል?” አለች ባለቤቴ።

“ይሄ? ዝሆን ያቆማል!”

አሸዋው ላይ ጋደም ብዬ ወሬዬን ስሰልቅ ገመዱ እጄ ላይ ቀለለኝ። ሳብኩት። ዝም ብሎ መጣ። ጫፉ ረጥቧል፤ ልጅ የለበትም።

ልጄ የቋጠሮውን የተንጠለጠለ ጫፍ ስባው ኖሯል። ነፋሱ ወደ መሃል ይገፋታል፣ እሷ እጇን ታውለበልብልኛለች።

“አባዬ፣ እየነዳሁ ነው!”

ዋና አልችልም። ኮልፌ የት ይለመዳል? ከነጫማዬ ገባሁ። ጉልበቴ፣ ወገቤ፣ ደረቴ። ውሃው ቡናማ ስለሆነ እግሬ የት እንደሚያርፍ አይታየኝም፤ እያንዳንዷን እርምጃ ጉድጓድ አፍ ላይ የማስቀምጥ ይመስለኛል። አገጬ ጋ ሲደርስ ተወርውሬ አንድ እግሯን ያዝኩ። ማዕበል በመጣ ቁጥር ከመሬት ያነሳኛል። ብለቃት ትሄዳለች፤ ብይዛት አብረን እንሄዳለን። ልጮህ አፌን ስከፍት ሐይቁ ገባበት።

ከዳር ባለቤቴ ትጮሃለች። እሷና አማቴ የበጉን ገመድ ከመኪናው ጣሪያ ገመድ ጋር ቀጥለው ወረወሩልን። ነፋሱ ወደ እኛ እየነፈሰም ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ደግመው ወረወሩ፤ ቀረ። ከዚያ አማቴ ጀሪካኑን ዘቅዝቀው የመጠጥ ውሃችንን አሸዋው ላይ ሲደፉት አየሁ። አለቀልን፣ ሴትየዋ ከድንጋጤ የተነሳ ልባቸውን ስተዋል አልኩ።

ክዳኑን ጥርቅም አድርገው ዘጉ። ገመዱን እጀታው ላይ አሰሩ። ከነቀሚሳቸው እስከ ደረታቸው ገብተው ባዶውን ጀሪካን ለቀቁት።

ልጄን የወሰደው ነፋስ እሱንም ይዞት መጣ። እየተንጀባረረ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያለ፣ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ። እጀታውን ያዝኩ። ጎተቱን። ጫማዬ አሸዋ ነካ።

ስንመለስ ባለቤቴ ነዳች፤ እኔ ከኋላ ልጄ ጎን ተቀመጥኩ። ጠምቶኝ ትንሽ ውሃ ስጠይቅ አማቴ ባዶውን ጀሪካን አዩ፣ እኔን አዩ። ቀልዴን ጠበቁ። በአንድ እጄ ጀሪካኑን ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

“አባዬ፣ እግሬን ልቀቀኝ፣ አመመኝ” አለች ልጄ፣ አየር ጤና ልንደርስ ስንል።

ለካ እስከዚያ ይዤው ነበር። ላላ አደረግኩት እንጂ አለቀቅኩትም።