የጆሮ ጥጥ

ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ስሠራ የኤችአይቪ መድኃኒቴን የማመጣው ከደሴ ነበር፤ እዚያ የሚያውቀኝ የለም። ችግሩ ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርድ ነው። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ቦርሳዬ ውስጥ ይንኳኳል፤ ያን ድምፅ የማያውቅ ተሳፋሪ ደግሞ አልነበረም። ስለዚህ ከፋብሪካው ቁንጣሪ ጥጥ እየወሰድኩ ብልቃጡ ውስጥ እጠቀጥቅ ጀመር።

አንድ ቀን ጥጡን ስወስድ አለቃዬ ጋሽ ይመር እጄን ያዙኝ። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ዝምተኛ ሰው ነበሩ።

“ለምንህ ነው?”

“ለጆሮዬ፣ ጋሼ።”

“በየወሩ ነው እንዴ የሚያምህ?”

ጥጡን በመዳፌ ውስጥ ጨበጥኩት።

“እሑድ ቤቴ ና። ብልቃጥህንም ይዘህ ና።”

እንዳወቁብኝ ገባኝና ከሥራ መባረሬን እያሰብኩ ሄድኩ።

ግድግዳው ላይ ከአንድ ሰው ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሳየው አዩኝ።

“ሃያ ዓመት አብረን ኖርን። ሲሞት ሰው ሁሉ ‘ለወንድምዎ አላህ ይዘንለት’ አለኝ። ወላሂ፣ ወንድሜ አልነበረም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።”

እኔም ትቶኝ የሄደውን ወዳጄን ለሰው ‘የአክስቴ ልጅ ነው’ እል ነበር። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም፣ ነገርኳቸው።

ተነሥተው ከመደርደሪያው የራሳቸውን ብልቃጥ አወረዱና ነቀነቁት። ድምፅ የለውም።

“ለጆሮዬ ነው” አሉ።

ሁለታችንም ሳቅን።

“የእሑድ እሑዱን ክኒን እዚህ መጥተህ ዋጥ። ብቻዬን መዋጥ ሰልችቶኛል።”

ከዚያ ብልቃጤን ተቀብለው ጥጡን በጣታቸው ስበው አወጡና ጆሮዬ ሥር አንኳኩት።

“እዚህ ቤት ይንኳኳ።”