የጋራ መግቢያውና መሸኛ ደብዳቤው

እኔ ሰው በቀላሉ አላምንም። ሶዶ ውስጥ የአንድ ሆስፒታል ኮምፒውተሮችን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ፤ ማን ምን ፋይል እንደከፈተ የሚያሳየውን መዝገብ ሳላይ የማለዳ ሻይ አልጠጣም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ጤና ጣቢያ እናቶች ወደ እኛ ይላካሉ። የምትልካቸው አዋላጅ የምርመራ ውጤታቸውን ለማየት የእኛ ፓስዎርድ ያስፈልጋታል፤ የእኛ ሠራተኛ አይደለችምና አልሰጣትም። ስለዚህ ከአንዲት ነርሳችን ትዋሳለች። እኛ ዘንድ ፓስዎርድ መከልከል ለጎረቤት እሳት ከመከልከል ይቆጠራል።

አንድ ቀን ነርሷ ፈቃድ ላይ ሳለች በስሟ ፋይል ተከፍቶ አገኘሁ። ለአለቃዬ ወዲያው አሳወቅሁ። ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ከሥራ ልትታገድ ሆነ። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሰላምታዋን ነሳችኝ።

በማግስቱ አዋላጇ በሚኒባስ መጣች። ፋይሉን የከፈተችው እሷ መሆኗን፣ ምጥ የያዛት እናት ብዙ ደም ስለፈሰሳት የደም ዓይነቷን ፈልጋ እንደነበር ነገረችን። እናቲቱም ሕፃኑም ደህና ናቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ጤና ጣቢያው የጠየቀውን የጋራ መግቢያ ለምን እንደማልፈቅድ ጠየቀችኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጤና ጣቢያው በራሱ ፓስዎርድ ለይቷት «የእኔ ሰው ናት» ብሎ ሲመሰክርላት የእኛ ሥርዓት ያስገባታል፤ ያየችው ሁሉ በገዛ ስሟ ይመዘገባል። ዓመት ሙሉ እንቢ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ራሴ ያላጣራሁትን ሰው በሌላ መሥሪያ ቤት ቃል አላስገባም አልኳት።

እኔና እሷ የምናመልከው አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ደግሞ እኔ ነኝ።

«ወንድሜ፣» አለች፣ «ከቢጠና ወደዚህ ስመጣ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያኔን መሸኛ ደብዳቤ ይዤ ነበር። ተቀብለህ የመዘገብከኝ አንተ ነህ። እንደገና ተጠመቂ አልከኝ?»

እኔ ካፈርኩ አይመልሰኝ ባይ ነኝ፤ ያን ቀን ግን መለሰኝ። የጥፋቱ ግማሽ የእኔ መሆኑን ለአለቃዬ ጻፍኩ፤ ነርሷም በማስጠንቀቂያ ታለፈች። ከጤና ጣቢያው ጋር ተስማምተን፣ የለቀቀ ሠራተኛን በዕለቱ ሊሰርዙ ቃል አስገብቼ፣ በሩን ከፈትኩ።

ባለፈው ሳምንት መዝገቡን ስከፍት የአዋላጇ ስም ከራሷ መሥሪያ ቤት ስም ጋር ተጽፎ አየሁ። ደስ አለኝ። ነርሷን ጠርቼ አሳየኋት።

«የእኔ ስም የለበትም?»

የለበትም አልኳት። እጇን ዘረጋችልኝና እንዴት አደርክ አለችኝ።