አንድ ጉንጭ አምቦ ውሃ

ከባለቤቴ ጋር የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ ድንች መላጥ ነበር። ድንቹ ከጎጆ ከተማ የመጣ ነው። እሱ እንደ ልማዱ አወፍሮ ይልጣል፤ እኔ ልጣጩን እያነሳሁ «ይሄ ራሱ ለአንድ ሰው ምሳ ይሆናል» እለዋለሁ። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» አለችው።

«ደህና አድሯል፤ ሳሉም ቀንሶለታል» አልኳት።

እሱ ቢላውን አስቀመጠና፣ «ቤት ውስጥ አምቦ ውሃ የለም እንዴ?» አለኝ።

ጎረቤታችን አልገባትም። እኔ ግን ገብቶኝ አፈርኩ።

ነገሩ የቆየ ነው። በደርግ ጊዜ፣ እሱ አምቦ ሲያስተምር፣ ልጃችን አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ገና አፏን አልፈታችም ነበር። ትሰማለች፣ ትላካለች፣ ትስቃለች። ጎረቤቱ በአማርኛም በኦሮምኛም ያወራታል፤ በሁለቱም እኩል ዝም ትላለች። የጤና ጣቢያው ሰው «ጆሮዋ ደህና ነው፣ አጫውቷት» ብሎ ሸኘን። እኔ የፈራሁት ትምህርት ቤት ስትገባ «ዱዳዋ» እንዳይሏት ነው።

አባቷ ከሥራ ሲመለስ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ «ተረት ተረት» ይላታል። ተረት ደግሞ «የላም በረት» የሚል ካልተገኘ አይጀመርም። እሷ ዝም ስትል እኔ ፈጥኜ እመልስላታለሁ። ጅቡም አህያዋም ለእኔ ይተረታሉ።

አንድ ቀን፣ «አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው?» አለኝ።

«ታውቀው የለ።»

«እንግዲያው ተረት ይብቃሽ።» አምቦ ውሃ ከፍቶ ቀዳልኝ። «ጎንጪ። እንዳትውጪው።»

ከዚያ በኋላ ተረት በተነሳ ቁጥር ጉንጬ ይነፋል። እሷ ካልመለሰች ተረት የለም። ደብተር ለማረም ትዕግሥት ያልነበረው ሰው፣ ልጁ ፊት ስንት ቀን ዝም ብሎ እንደጠበቀ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ቅዳሜ ውሃው በአፍንጫዬ ወጣና ሸሚዙን አራሰው። ልጄ በሳቅ ፈረሰች። እሱ ሳይጠርግ፣ «ተረት ተረት» አላት።

«ላም» አለች።

ቀሪውን ልጨምርላት ስል በክርኑ ጎሸመኝ። ለዚያች አንዲት ቃል ሙሉ ተረት ነገራት።

አባቷን የቀበርን ቀን ለቀስተኛውን ሁሉ ያነጋገረችው እሷ ናት። ወደ እኔ የመጣውንም ጥያቄ ሁሉ በእኔ ፈንታ መለሰችልኝ።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት አፋቸውን ያልፈቱ ሁለት የሰፈር ሕፃናት ይመጡልኛል። «ተረት ተረት» እላቸውና ውሃዬን ጎንጭቼ እጠብቃለሁ።