ኦሮራ ሁሉም እሺ አለኝ

«እነዚህ ሰዎች የምር የኛ ናቸው?» አለኝ አለቃዬ። ኮሌጅ እንደጨረስኩ ዴንቨር ውስጥ ለፕሬዚዳንት ምርጫ ቅስቀሳ ተቀጥሬ ነበር። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ትንቅንቅ ላይ ናቸው። የኔ ሥራ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ ያሉትን ሐበሾች ማንን እንደሚመርጡ መጠየቅ ነው። የጠየቅኳቸው ሁሉ «እሺ፣ የናንተን» ብለውኛል፤ ያንኑ ነገርኩት።

«ከሆነማ ኦሮራን ትተን በጎ ፈቃደኛ ቀስቃሾቹን ሌላ ከተማ፣ እንግልውድ እንላክ» አለ ደስ ብሎት።

እኔን ግን ጠዋት ያየሁት ነገር ከንክኖኛል። እዚያው ኦሮራ፣ ሃቫና ስትሪት የሚባል መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው አንድ አዛውንት እሺ ብለውኝ ገና ከበሩ ሳልወጣ የተቃራኒው ወገን ቀስቃሽ ገባች። እሷንም ፈገግ ብለው «ኦኬ፣ ኦኬ፣ የናንተን» አሏት።

እንደወጣች፣ «አባባ፣ ሁለታችንንም እኮ እሺ አሉን!» አልኳቸው።

«ታዲያ ደጄ ድረስ የመጣች ልጅ እምቢ ትባላለች? ነውር አይደል እንዴ!»

«ለመሆኑ ማንን ነው የሚመርጡት?»

«እሱንማ ለሚስቴም አልነገርኩ!» ብለው ሳቁብኝ።

አለቃዬ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካርታ ኦሮራን ሊሰርዝ እስክሪብቶ ሲያነሳ አላስቻለኝም።

«ተው፣ አትሰርዘው! የኛ መሆናቸውን አላውቅም። እሺ ያሉኝ እንዳላፍር ብለው ነው።»