በሦስተኛው ቀን ያየሁት ሰው

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኋቸውም። በየጾሙ መግቢያ ፊታቸው ቀርቤ በሥራ ቦታ የተቆጣሁትን፣ ሰው ያማሁትን፣ ያረፈድሁበትን ቅዳሴ ሳይቀር ስዘረዝር «አንቺ እኮ ብዙም የለብሽም፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር። እኔም መስቀላቸውን ተሳልሜ ዝም ብዬ እወጣ ነበር። እሳቸው ያልሰሙትን እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

ሙያዬ የውኃ ምርመራ ነው። ዴንቨር ውስጥ በአንድ ላቦራቶሪ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ በሁለት መንገድ ያላረጋገጥሁት ውጤት ላይ ፈርሜ አላውቅም። የአገሬ ሰዎችም የሚያከብሩኝ በዚሁ ነው፤ ያላጣራችውን አትናገርም ይሉኛል። ይህን የምገልጸው ራሴን ለማሞገስ አይደለም። በኋላ የሠራሁትን በደል የሠራሁት በዚህ ስም ስለሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 መሥሪያ ቤቴ ከሁለት አሜሪካውያን ባልደረቦቼ ጋር ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ወደ ፔሩ ላከኝ፤ አሬኪፓ ወደምትባል ከተማ። ያረፍንበት ሆቴል መካከለኛ የሚባል ነበር። ከነጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ፣ ክፍሎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጠባብ ግቢ የሚያዩ፣ ሙቅ ውኃ ጠዋትና ማታ ብቻ የሚመጣበት፣ አልጋው ላይ ከባድ የአልፓካ ሱፍ ብርድ ልብስ የሚነጠፍበት ቤት። ንጹሕ ነበር፤ ሰዎቹም ትሑታን ነበሩ። ሥልጠናው ባለቀ ማግሥት ግን የአካባቢው ገበሬዎች በአንድ የማዕድን ሥራ ተቆጥተው ከከተማው የሚያስወጡትን መንገዶች በቋጥኝና በሚነድ ጎማ ዘጉ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያም መድረስ አልተቻለም። እንግዳ ተቀባይዋ ወደ ቤቷ መሄድ ስላልቻለች እዚያው ታድር ነበር፤ በየጠዋቱ «ነገ ይከፈታል» ትለናለች። ሦስት ቀን እዚያ ቤት ውስጥ ተዘጋሁ።

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ የክፍሌ ስልክ ጮኸ። እንግዳ ተቀባይዋ ነበረች። ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት ፓስፖርት የያዘች ሴት ታች ሆና እያለቀሰች እንደሆነ፣ የምትለውን የሚሰማ ሰው እንደጠፋ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገረችኝና ስልኩን ለሴትዮዋ ሰጠቻት።

ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። ወይንሸት እባላለሁ አለችኝ። ከባሏ ከደመቀ ጋር ከቦሊቪያ ድንበር በአውቶቡስ እንደመጡ፣ ከከተማው ዳር መንገዱ ተዘግቶ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ በእግሩ እንደሄደ፣ ድንጋይ መወርወር ሲጀምር በግርግሩ እንደተለያዩ ነገረችኝ። የሆቴሉ ስም የተጻፈበት ወረቀት እሷ ዘንድ ነበር፤ እሱ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። የለመነችኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እንግዳ ተቀባይዋ ወደ ሆስፒታልና ወደ ፖሊስ ደውላ እንድትጠይቅላት እንድነግርላት።

«እናቴ፣ እየሰሙኝ ነው አይደል?» አለችኝ በመጨረሻ።

እየሰማኋት ነበር። እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። በእንግሊዝኛ «ይቅርታ፣ አልገባኝም» አልኋት።

እንግዳ ተቀባይዋ ስልኩን መልሳ ስትይዘው፣ በአገራችን ከሰማንያ በላይ ቋንቋ እንዳለ፣ ይህች ሴት የምትናገረው እኔ የማውቀው እንዳልሆነ በእርጋታ አስረዳኋት። ከሰማንያ በላይ ቋንቋ መኖሩ እውነት ነው። ውሸቴን ከእውነት ቆርጬ ሠራሁት፤ የተማርሁትን ለዚህ አዋልሁት።

ለምን? የዜግነት ማመልከቻዬን አስገብቼ የቃለ መጠይቁን ቀጠሮ እጠብቅ ነበር። ማመልከቻው ላይ፣ ማንም ሰው ወደ አሜሪካ በሕገ ወጥ መንገድ እንዲገባ ረድተሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። «አይ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ነበር። ወይንሸት ወዴት እንደምትጓዝ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም ነበር፤ ያቺ «አይ» እውነት ሆና እንድትቆይ ብዬ ዋሸሁ። እንድትረዱኝ ብዬ አይደለም የምነግራችሁ። የጠፋን ባል በስልክ ማስፈለግ ድንበር ማሻገር እንዳልሆነ ያኔም አውቅ ነበር። ሳላውቅ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ መጻፍ ባላስፈለገኝ።

ከዚያ ሰዓት በኋላ ከክፍሌ መውጣት አልቻልሁም። ታች ብወርድ ፊቴን ታየዋለች፤ ፊቴ ደግሞ አገሬን አይደብቅም። አብራኝ ለምትሠራው ለካረን የልጅቷን ቋንቋ አላውቀውም፣ የከተማው ከፍታም አሞኛል አልኋት። «ከዴንቨር መጥተሽ ከፍታ አመመሽ? ይህን ለማንም እንዳትናገሪ» ብላ ሳቀችብኝ፤ ሆኖም ዳቦና የወይራ ፍሬ በወረቀት ጠቅልላ ታመጣልኝ ነበር። ወሬውንም አብራ ታመጣልኛለች። ከአገርሽ የመጣችው ልጅ ሶፋ ላይ ነው ያደረችው፤ ለገባው ሰው ሁሉ በእጇ የሰው ቁመት እያሳየች ትጠይቃለች ትለኛለች። ሳትነግረኝም እሰማ ነበር። ደመቀ የሚለው ስም በግቢው በኩል ወደ መስኮቴ ይወጣ ነበር። መስኮቱን ዘጋሁ። በሩንም ቆለፍሁ። ማን ቆለፈብኝ? ቁልፉ ያለው በእኔ በኩል ነበር።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ በየት በኩል እንደገባ እንጃ፣ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው፣ ደላላቸው ሳይሆን አይቀርም፣ በትንሽ መኪና መጥቶ ወሰዳት። በመጋረጃው ጥግ አየኋቸው። አልሄድም ስትለው ሰውየው ቦርሳዋን አንሥቶ ቀድሟት ወጣ፤ ጥቂት ቆማ ተከተለችው። ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው። ወዴት እንደሄዱ ካረን ከእንግዳ ተቀባይዋ ሰምታ ነገረችኝ። ወደ ሊማ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መንገዱ ተከፈተ። እንግዳ ተቀባይዋ ወደ ቤቷ ሄዳ በምትኳ አንድ ወጣት ተቀምጧል። ሻንጣችንን ይዘን ታክሲ ስንጠብቅ አንድ ረጅም ሰው ገባ። ግንባሩ በነጭ ፋሻ ታስሯል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ላይ የደረቀ ደም አለ። ሆቴል ለሆቴል ሲዞር የቆየ ሰው ድካም ነበረበት። የሠርግ ፎቶግራፍ አውጥቶ ለወጣቱ አሳየው። ወጣቱ ልጅቷን አይቷት አያውቅምና ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው ዞር ሲል አየኝ። ፊቱ በራ።

«እህቴ፣ ሐበሻ ነሽ አይደል?» አለኝ፤ ፎቶግራፉንም ወደ እኔ ዘረጋው።

ሙሽራይቱ እሷ ነበረች። ትናንት ወደ ሊማ ሄዳለች ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ከዚያ በላይ አንድም ነገር አይጠበቅብኝም ነበር። ካረን ግን ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ ፎቶግራፉን ሳታይ ታክሲውን እየጠበቀች አጠገቤ ቆማለች፤ አሁን አማርኛ ብናገር የሁለት ቀን ውሸቴ ፊቷ ሊገለጥ ነው። በአንዲት የሥራ ባልደረባ ፊት ላለማፈር ብዬ የሰውን ትዳር አሳልፌ ሰጠሁ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ሻንጣዬን ጎትቼ ወጣሁ። ታክሲው ሲነሣ ሰውየው ፎቶግራፉን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ይመለከተን ነበር።

በዚያው ዓመት ዜግነቴን አገኘሁ። ቃለ መጠይቁ ላይ ያቺን ጥያቄ ጠየቁኝ። «አይ» አልሁ፤ እውነቴን ነበር።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጀርባዬ ያን ድምፅ ሰማሁት። ዞሬ ሳላያት አወቅኋት። ወይንሸት ከዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ደርሳ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ከሁለት ሴቶች ጋር አፓርትመንት ተከራይታ፣ አረጋውያንን በሚጦር ቤት ሥራ ይዛ ነበር። እሷ እኔን አላወቀችኝም። በምን ታውቀኛለች? ከእኔ የሰማችው አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ደግ ሆንሁላት። የጥገኝነት ወረቀቷን ቁጭ ብዬ ሞላሁላት፤ መኪና መንዳት ስትማር አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ ስትታመም ሾርባ ይዤላት ሄድሁ። የሆቴሉን ነገር ራሷ ስታጫውተኝ፣ የአገሯ ሰው የሆነች አንዲት ሴት እንደነበረች፣ ምናልባት አማርኛ የማትሰማ ሳትሆን እንዳልቀረች ነገረችኝ። አልፈረደችባትም። ደመቀ በሕይወት ይኑር ይሙት አታውቅም፣ አገር ቤትም ወሬውን የሰማ አልነበረም፤ ቀለበቷን ሳታወልቅ ትጠብቀው ነበር። እኔ ደግሞ በሦስተኛው ቀን በሕይወት እንደነበር እያወቅሁ ሾርባ አመላልስላት ነበር።

ከተለያዩ አራት ዓመት ሲሞላ፣ ያን ጊዜ አብሯቸው አውቶቡስ ላይ የነበረ አንድ ሰው ዴንቨር ገባ። ደመቀ ግንባሩን በድንጋይ ተመትቶ ሲወድቅ አይቻለሁ፣ ሲነሣ ግን አላየሁም አለ። ወሬው የሴቶች እድራችን ዘንድ ደረሰ፤ እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነበርሁ። ፓርክ ሂል በሚባለው ሰፈር አቶ ወልደአብ ቤት ተሰበሰብን። አቶ ወልደአብ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ መርዶ ሲኖር የሚቀድሙት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ በወጣትነቷ እንዲህ ተንጠልጥላ ልትቀር አይገባም፣ ይነገራትና አልቅሳ ይውጣላት አሉ። ሁሉም ተስማማ።

«ምንጩ ተጣርቷል?» ብዬ ጠየቅሁ። ድፍረቴ በሙሉ ይህቺው ነበረች።

«በዓይኑ ያየ ሰው እኮ ነው የተናገረው» አሉኝ አቶ ወልደአብ። «ይልቅ አንቺ አብረሽን ትሄጃለሽ። እሷ የምታምነው ያንቺን ቃል ነው።»

እኔስ በዓይኔ አላየሁም? ያ ሰው ከእኔ ሁለት ቀን ቀድሞ ነው ያየው። ይህን ለማለት ግን ከሆቴሉ ስልክ መጀመር ነበረብኝ። ወሬው በማን መኪና እንሂድ ወደሚለው ዞረ። አንዷ ሴት፣ «አቶ ወልደአብ ከነዱማ ልጅቷን ከሥራ ስትመለስ ነው የምንደርስባት» አለቻቸው፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም።

በማግሥቱ ማለዳ ነጠላችንን አዘቅዝቀን አምስት ሆነን ሄድን። በሩን ስትከፍት የሥራ ዩኒፎርሟን ለብሳለች። እንዲያ ሆነን ስታየን ምን እንደመጣ ገባት፤ እጇ በሩ ላይ ቀረ። አቶ ወልደአብ በእግዚአብሔር ስም ጀምረው የሰሙትን ነገሯት። አላለቀሰችም። ሁሉንም ትታ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። እርስዎ ያላጣሩትን አይናገሩም። ሞቷል?»

«አዎ፣ ልጄ» አልኋት። «ሞቷል።»

ጮኸች። ያቀፍኋት እኔ ነኝ። እንባዋ ትከሻዬን ሲያረጥበው ይሰማኝ ነበር። በእግሩ ቆሞ ያናገረኝን ሰው በአፌ ገደልሁት። ማንም አላስገደደኝም፤ እሷ ሌላ መልስ እንድትሰማ መንገዱን ሁሉ ለእኔ ለቅቃልኝ ነበር፤ እኔ ግን ይህን መረጥሁ። ፍትሐት ተደረገለት። ቀለበቷን አውልቃ ዓመት ሙሉ ጥቁር ለበሰች። ከዚያም ጊዜው ሲደርስ አንድ ደግ ሰው አገባች፤ ሠርጓ ላይ ከእናቷ ቦታ አስቀመጠችኝ። አሁን ሴት ልጅ ወልዳለች። ሰማንያ ቀኗ በሚመጣው ሳምንት ይሞላል፤ የክርስትና እናቷ እንድሆን ጠየቀችኝ። ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ አለችኝ።

ደመቀ ዛሬ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ተከትሏት ሲሄድ በረሃ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም በአንድ ከተማ ተቀምጦ እሷን ሞታለች ብሎ አልቅሶላት ይሆናል። ፈልጌዋለሁ? ሁለት ጊዜ ስሙን ኮምፒውተር ላይ ጽፌ ሳልፈልገው አጥፍቻለሁ። ሁሉን የማጣራ ሴት ይህን አላጣራሁም። ባላገኘውስ ብዬ ሳይሆን ባገኘውስ ብዬ ፈርቼ ነው።

አሁን መናገር ጭካኔ አይሆንም ወይ? ትዳሯስ? ሕፃኗስ? ይህን ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄ፣ ዝምታዬን ምሕረት ብዬ ለመጥራት ተቃርቤ ነበር። በኋላ ግን አስተዋልሁ። ዝም ባልሁ ቁጥር ምክንያቱን በሌላ ሰው ላይ ስጭነው ኖሬአለሁ፤ መጀመሪያ በሕጉ፣ ከዚያ በካረን፣ ከዚያ በሽማግሌዎቹ። አሁን ተራው ያልተጠመቀች ሕፃን ሆነ። የገዛ ሕይወቷን እውነት ልትሸከመው ትችላለች ወይስ አትችልም የሚለውን የምወስነው እኔ ማን ሆኜ ነው? አንድ ጊዜ ወስኜላታለሁ።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እናንተ ስታነቡት እሷ አስቀድማ አንብባዋለች። ልጇን ሳላቅፍ በፊት በእጇ እሰጣታለሁ። ከዚያ በሩን ብትዘጋብኝ መብቷ ነው። ይቅር በይኝ አልላትም፤ ይቅርታ ብለምናት ደግሞ አንድ ሌላ ሸክም ነው የምጨምርባት። እግዚአብሔርንም ከእሷ ቀድሜ አልለምነውም።

ወይንሸት፣ ደመቀ ሲወድቅ አየሁ ያለው ሰው ያየውን ተናግሯል፤ ድንጋዩ ደመቀን መትቶት ነበር። ግን ተነሥቷል። አንቺ በሄድሽ ማግሥት ጠዋት፣ ግንባሩ ታስሮ፣ የሠርጋችሁን ፎቶግራፍ ይዞ ወደዚያ ሆቴል መጣ። ወዴት እንደሄድሽ በቋንቋው ልነግረው የምችል እኔ ብቻ ነበርሁ። ጠየቀኝ፤ አልመለስሁለትም።